ስሚዝ ሁሉ ዘመድ አይደለም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔም ጋ ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። የላኩልኝ ሰዎች ሁሉ "አንብበው፣ ጉድ ነው!" ብለው ነው። አነበብኩት። ጉድ መሆኑስ ጉድ ነው።

ጽሑፉ ስለ ስሚዞች ነው። ጸሐፊው የታወቁ ስሚዞችን ደርድረዋል። ኢኮኖሚስቱ አዳም ስሚዝ አለ። የሞርሞን እምነት መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ አለ። የታይታኒኩ ካፒቴን ኤድዋርድ ስሚዝ፣ አሜሪካ ውስጥ የጄምስታውንን ሰፈር ካቋቋሙት አንዱ የሆነው ካፒቴን ጆን ስሚዝ፣ የብሉዝ እቴጌዋ ቤሲ ስሚዝ፣ ተዋንያኑ ማጊ ስሚዝና ዊል ስሚዝ፣ ሯጩ ቶሚ ስሚዝ፣ የሮዴዢያው ኢያን ስሚዝም አሉ። ከልብ ወለድ የመጡም አልቀሩም።

ክርክራቸውን ሳላጣምም ላቅርብ። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው ይላሉ። ሁለተኛ፣ የዝነኞቹ ብዛት ራሱ ማስረጃ ነው፤ ተራ ስም ይህን ያህል ትልቅ ሰው አያወጣም። ሦስተኛ፣ ጥቁር ስሚዞችም ቤተሰቡ በፈቃዱ ስሙን ያካፈላቸው የቤት ልጆች ናቸው። አራተኛ፣ ደራሲዎችና ፊልም ሠሪዎች ገጸ ባሕርያቸውን ስሚዝ የሚሉት ምስጢሩን ስለሚያውቁ ነው። አምስተኛ ደግሞ ለእኛ የተላከ ምክር ነው። ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን በአባት ስም መበታተናቸውን ትተው አንድ የጋራ የቤተሰብ ስም ቢይዙ እንደ ስሚዞች ይጠነክራሉ ይላል።

ጽሑፉ ሲነበብ ይጥማል። የስም ዝርዝሩም አልተፈጠረም፤ ሰዎቹ በእርግጥ የነበሩና ያሉ ናቸው። ችግሩ ዝርዝሩን አይቶ የተደረሰበት መደምደሚያ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከግንዱ ልጀምር። ስሚዝ የሙያ ስም ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ውስጥ ስም ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ የጀመረው ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ ባሉት ጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ ብዙ ጆን አለ። የትኛው ጆን ግብር እንደከፈለ መለየት አለበት። ዳቦ ጋጋሪው ጆን ቤከር ተባለ። ባለ ወፍጮው ጆን ሚለር ተባለ። ቀጥቃጩም ጆን ስሚዝ ሆነ። ማረሻና የፈረስ ኮቴ ብረት የማያስፈልገው መንደር ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ ስሙ በየመንደሩ፣ አንዱ ከሌላው ሳይገናኝ ለየብቻው ተወለደ። የዮርክሻየሩ ስሚዝ የኬንቱን ስሚዝ አይቶትም አያውቅም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በዘረመል ፈትሸውት በ2009 ውጤቱን አሳትመዋል። 40 የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞችን ይዘው ከ1,600 በላይ ወንዶችን መረመሩ። ያዩት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም ነው። እንደ ስሚዝ ያለ የተለመደ ስም የሚጋሩ ወንዶች ከመንገድ ላይ እንደተለቀሙ ሰዎች እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሆነው ተገኙ። ብርቅ የሆኑ ስሞች ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነበር። ለምሳሌ አተንበራ የሚባሉት አብዛኞቹ ከአንድ አባት የወጡ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልልቀቅላቸው። ስም ዝምድናን ሊጠቁም ይችላል። ጽሑፋቸው ስለ አተንበራዎች ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ ባልጻፍኩ። እሳቸው ግን ከስሞች ሁሉ መርጠው፣ ዝምድናን ለመጠቆም ጨርሶ የማይረባውን አነሡ።

ግንዱ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ጸሐፊው "የዘሩ አባቶች" ብለው ከላይ ያስቀመጧቸው ሁለት ሰዎች ካፒቴን ጆን ስሚዝና አዳም ስሚዝ ናቸው። ጆን ስሚዝ ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ በ1631 ለንደን ውስጥ ሞተ። አዳም ስሚዝም እንዲሁ ሳያገባና ሳይወልድ በ1790 ኤድንብራ ውስጥ አረፈ። አንዱ የሊንከንሻየር ገበሬ ልጅ ነው። ሌላው ስኮትላንድ፣ ኪርካልዲ ውስጥ የተወለደ የጉምሩክ ሹም ልጅ ነው፤ አባቱም የሞተው እሱ ሳይወለድ ነው። ታዲያ ከእነዚህ ከሁለቱ የወረደው ትውልድ በየት በኩል ወረደ?

ሁለቱን ካፒቴኖች አንድ ላይ አድርገው "የባሕር ደም" ማለታቸውን ግን ወድጄዋለሁ። ለፊልም ይሆናል። የታይታኒኩ ካፒቴን በ1850 ሃንሊ ውስጥ ነው የተወለደው። ሃንሊ ባሕር የሌለበት፣ በሸክላ ሥራ የታወቀ ከተማ ነው።

አንድ ጠንካራ ነጥብ ግን አላቸው፤ እሱን መሸሽ አልፈልግም። የሞርሞን ስሚዞች በእርግጥ ቤተሰብ ናቸው። ዋና መቀመጫዋን ዩታ ያደረገችው ቤተ ክርስቲያን በኋላ ከነበሯት ፕሬዚዳንቶች መካከል ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ የመሥራቹ የወንድም ልጅ ነው። ጆሴፍ ፊልዲንግ ስሚዝ ደግሞ የእሱ ልጅ ነው። ጆርጅ አልበርት ስሚዝም ከዚያው ዘር ነው። ግን ይህ የሚታወቀው ስማቸው አንድ ስለሆነ ነው? አይደለም። የትውልድ መዝገብ ስላላቸው ነው። ደግሞ ቤተሰቡም ቢሆን አንድ ሆኖ አልቀጠለም። መሥራቹ በ1844 ከተገደለ በኋላ ተከታዮቹ ተከፋፈሉ። የገዛ ልጁ ሦስተኛው ጆሴፍ ስሚዝ ከ1860 ጀምሮ ሌላ፣ ተቀናቃኝ ቤተ ክርስቲያን መርቷል። እውነተኛዎቹ ዘመዳሞች ስሚዞች እንኳ በአንድ ጣሪያ ሥር አልተስማሙም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። የውጭ አገር አንባቢ የሯጮቻችንን የስም ዝርዝር ሲያይ ምን ይላል? ጥሩነሽ ዲባባ፣ ገንዘቤ ዲባባ፣ እጅጋየሁ ዲባባ፣ ማሬ ዲባባ። "አራት እህትማማች!" ይላል። ሦስቱ በእርግጥ እህትማማቾች ናቸው። በ2015 ቤጂንግ ላይ የማራቶን የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ማሬ ግን የእነሱ ዘመድ አይደለችም፤ የአባቷ ስም ዲባባ ስለሆነ ብቻ ነው። የእነ ጥሩነሽ የአክስት ልጅ ማን ናት? ደራርቱ ቱሉ! ስሟ ላይ ዲባባ የሚል የለም። እኛ ዝምድናን የምናውቀው እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው። ጋብቻ ሲመጣ ሽማግሌ የሚጠይቀው "የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ" ብሎ ነው። የሁለት ሰው አባት ከበደ ስለተባለ ብቻ ጋብቻ የሚከለክል ሽማግሌ አላየሁም።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። "ይህ ሁሉ ዝነኛ ከአንድ ስም እንዴት ይወጣል?" መልሱ አጭር ነው። ብዙ ስለሆኑ ነዋ። በ2010 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ስሚዝ በአገሪቱ አንደኛው የቤተሰብ ስም ነበር። ወደ 2.4 ሚሊዮን ሰው ይጠራበታል። በእንግሊዝም አንደኛ ነው። ከሚሊዮኖች ውስጥ ጥቂት ደርዘን ዝነኞች መውጣታቸው ምኑ ይገርማል? የሚገርመው ባይወጡ ነበር። ጸሐፊው የቆጠሩት የታወቁትን ብቻ ነው። የስሙን ኃይል ለመለካት ግን የማናውቃቸውንም ስሚዞች መቁጠር ነበረባቸው። የሊቨርፑሉን አውቶብስ ሹፌር፣ የኦሃዮውን የሒሳብ ሠራተኛ።

ከዚህም በላይ ስሙ በደም ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የብሉዝ ሸክላ ሲቸበቸብ ማሚ ስሚዝ፣ ቤሲ ስሚዝ፣ ክላራ ስሚዝ፣ ትሪክሲ ስሚዝ የሚባሉ ዘፋኞች ነበሩ። ሁሉም ጥቁር ሴቶች፣ ሁሉም በአንድ ዘመን፣ ሁሉም በአንድ ሙያ። ቤሲና ክላራ አብረው እስከመቅዳት ደርሰዋል። እንደ ጸሐፊው አካሄድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ግን ዘመዳሞች አልነበሩም። በ1920 የብሉዝ ገበያውን የከፈተችው ማሚ እንኳ ስሚዝ የሆነችው በባሏ ነው። ስታገባ ይዛው የመጣችው ስም ሮቢንሰን ነበር።

ተቃራኒውም አለ። የድምፅ አልባ ፊልም ኮከቧ ሜሪ ፒክፎርድ ቶሮንቶ ውስጥ ስትወለድ ግላዲስ ስሚዝ ነበረች። ጸሐፊው አልቆጠሯትም፤ ምክንያቱም ስሙን ጥላዋለች። የማጊ ስሚዝ ሁለት ወንዶች ልጆችም ተዋንያን ናቸው። አንዱ ቶቢ ስቲፈንስ፣ ሌላው ክሪስ ላርኪን ይባላሉ። ደሙን ፍለጋ የሚሄድ ሰው እነሱን ያልፋል፤ ሮቢንሰን ሆና የተወለደችውን ማሚን ግን ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ቆጠራ ዘርን አይቆጥርም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉም ያስከፋኝ እሱ ነው። ጸሐፊው ሆን ብለው ያሉት አይመስለኝም። ግን "ቤተሰቡ በፈቃዱ ስሙን አካፈላቸው" የሚለው ዓረፍተ ነገር አንድ ትልቅ ግፍ ሸፍኖ ነው የሚያልፈው።

በዚያው በ2010 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ስሚዝ ከሚባሉት ከመቶ 23 ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። ስሙ እንዴት ደረሳቸው? የአንዱን ሰው ታሪክ እንይ። ቬንቸር ስሚዝ ይባላል። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሲወለድ ስሙ ብሮቲር ነበር። ገና ልጅ ሳለ ማርከው ወደ ባሕሩ ዳር ወሰዱት። የባሪያ መርከብ ላይ የነበረ አንድ ሰው በአራት ጋሎን አረቄና በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ገዛው። በራሱ ገንዘብ የሞከረው ንግድ ስለነበር ልጁን "ቬንቸር" ብሎ ጠራው። ስሚዝ የሚለው ደግሞ የመጨረሻው ገዢው የኮነቲከቱ ኦሊቨር ስሚዝ ስም ነው። ቬንቸር ከሌላ ሥራ ያጠራቀመውን እየከፈለ በ1765 ራሱን ከዚህ ሰው ገዛ። ከዚያ እንጨት እየፈለጠና ዓሣ እያጠመደ ልጆቹንና ሚስቱን ገዝቶ ነፃ አወጣ። ይህን ሁሉ እሱ ራሱ ተርኮት በ1798 ታትሟል። እስቲ ይህ ሰው በየትኛው መንገድ ነው "የቤት ልጅ" የሚባለው? ስሙ የዝምድና ሳይሆን የሽያጭ ምልክት ነው።

ሁሉም እንዲህ አልነበረም። በ1865 ባርነት ሲቀር አንዳንዱ የቀድሞ ጌታውን ስም ያዘ። አንዳንዱ ቀድሞም በድብቅ ይጠራበት የነበረውን ቀጠለ። አንዳንዱ ደግሞ ደስ ያለውን መረጠ። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆቹ ሁሉ ሁለት ስም እንዳላቸው ሰማ። የእሱ አንድ ብቻ ነበር። ተራው ሲደርስ "ቡከር ዋሽንግተን" ብሎ እዚያው ራሱን ሰየመ። በ2010 ቆጠራ ዋሽንግተን ከሚባሉ አሜሪካውያን ከመቶ 87 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ግን አብራኩን የከፈለው ልጅ አልነበረውም። በጸሐፊው መንገድ ከሄድን ዴንዘል ዋሽንግተንን የፕሬዚዳንቱ የልጅ ልጅ ልናደርገው ነው።

በእርግጥ ከባሪያ አሳዳሪዎች የተወለዱ ሰዎች አሉ፤ የደም ግንኙነት ፈጽሞ የለም አልልም። ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደተወለዱ ስለምናውቅ "በፈቃዱ አካፈላቸው" የሚለው ቃል እዚያ ላይ ጭራሽ ይከብዳል።

አራተኛው ቀላል ነው። ጸሐፊው ዊንስተን ስሚዝን፣ ኤጀንት ስሚዝንና ሌሎች የልብ ወለድ ስሚዞችን ጠቅሰው "ለምን ስሚዝ?" ብለው ይጠይቃሉ። ተራ ስለሆነ ነው። ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ባሳተመው ልብ ወለድ ዋናውን ሰው ዊንስተን ስሚዝ ያለው ማንም ሊሆን የሚችል ሰው እንዲመስል ነው። በማትሪክስ ፊልም ውስጥ ኤጀንት ስሚዝ ብቻውን አይደለም። ጓደኞቹ ኤጀንት ብራውንና ኤጀንት ጆንስ ናቸው። ሦስቱም ከተለመዱ የእንግሊዝ ስሞች የተመረጡ ናቸው፤ ልብሳቸውም አንድ ዓይነት፣ ማንነት የሌላቸው እንዲመስሉ። ምስጢሩ ስሚዝ ላይ ከሆነ ብራውንና ጆንስ እዚያ ምን ይሠራሉ? ሆቴል ውስጥ መታወቅ የማይፈልግ ሰው መዝገብ ላይ "ጆን ስሚዝ" ብሎ ይፈርማል ሲባል ሰምተው ይሆናል። የተደበቀ ኃያል ቤተሰብ ስም ቢሆን ማን ይደበቅበታል?

ኦርዌል ከተነሣ አንድ ጨዋታ ልጨምር። የኦርዌል ትክክለኛ ስም ኤሪክ ብሌር ነው። የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትርም ብሌር ነው። ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ጥሩ ቀለብ ይሆናል። ግን የቶኒ ብሌር አባት የተወለደው ፓርሰንስ ሆኖ ነው። ግላስጎው ውስጥ ያሳደጉት ሰዎች ብሌር ስለነበሩ ስሙን ወረሰ።

አሁን ወደ ምክሩ። ከአምስቱ ለሕይወታችን የሚቀርበው እሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እውነቱን ልስጣቸው። የአባት ስም አጠራራችን ውጭ አገር ያስቸግራል። ባልና ሚስት የተለያየ "ላስት ኔም" አላቸው። የአንዱ ልጅ ቅጽ ላይ የአባቱ ስም ይገባል፣ የሌላው የአያቱ። እናት ከልጇ ጋር ስትጓዝ ኤርፖርት ላይ "ልጅሽ ነው?" ትባላለች። ስም ሥራ ፍለጋ ላይ ተጽዕኖ እንዳለውም እውነት ነው። በ2004 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። አጥኚዎቹ ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎችን ላኩ። የነጭ የሚመስል ስም የያዙት ሲቪዎች የጥቁር የሚመስል ስም ከያዙት በ50 በመቶ የበለጠ ጥሪ አገኙ።

ነገር ግን በዚያ ጥናት ውስጥ ጥሪ ያጡት ስሞች ምን ዓይነት እንደነበሩ ልብ በሉ። ላኪሻ ዋሽንግተን፣ ጀማል ጆንስ የሚባሉ ነበሩ። ዋሽንግተንም ጆንስም ጥርት ያሉ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች ናቸው። አላዳኗቸውም። ቀጣሪው የገፋው ስሙ የተበታተነ ስለሆነ አይደለም።

"አንድ ስም አንድ ያደርጋል" ለሚለው ደግሞ ከራሳቸው ዝርዝር ሁለት ሰው ልምዘዝ። ኢያን ስሚዝና ቶሚ ስሚዝ። ኢያን ስሚዝ በኅዳር 1965 ሮዴዢያን፣ የዛሬዋን ዚምባብዌን፣ ከእንግሊዝ ነፃ ወጣች ብሎ ያወጀ ሰው ነው። ነፃነቱ ግን ለጥቂት ነጮች ነበር፤ ብዙኃኑን ጥቁር ሕዝብ ከሥልጣን አርቆ ለመግዛት። ቶሚ ስሚዝ ደግሞ በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ 200 ሜትርን በ19.83 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው፣ መድረክ ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ጡጫውን ያነሣው ነው። ማሞ ወልዴ በማራቶን ወርቅ ያመጣልን በዚያው ኦሊምፒክ ነው። ቶሚ ስሚዝ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረበት የሰብዓዊ መብት ንቅናቄ ከጨዋታው በፊት ያቀረበው ጥያቄ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ደቡብ አፍሪካና ሮዴዢያ ከኦሊምፒክ ይታገዱ የሚል ነው። ማለትም አንዱ ስሚዝ የሌላውን ስሚዝ መንግሥት ለማስወጣት ይታገል ነበር። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ መስመር ጎን ለጎን ጽፈዋቸዋል። ይህን አላነሡም።

እና ውጭ ላሉ ወላጆች ምን እንበል? ባልና ሚስት ተስማምተው ለልጆቻቸው አንድ የአያት ስም ቢያወጡ ምንም ክፋት የለውም። ብዙዎች እያደረጉት ነው፤ ለትምህርት ቤትና ለባንክ ይቀላል። ግን የወረቀት መፍትሔ ነው። ሌላው ሁሉ ኢትዮጵያዊም ያንኑ ስም ይያዝ ማለት ሌላ ጣጣ መጥራት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ዮናስ፣ ሁሉም በአንድ የአባት ስም! እንግሊዝ አገር ችግሩ የጀመረው እንዲያ ነው። ለኤርፖርቱ ከሆነ የልጁን የልደት ሰርተፍኬትና አብሮ ካልተጓዘው ወላጅ የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መሄድ ይሻላል።